የድሮውን ዋጋ ሰርዤ አዲሱን ልጽፍ ብዬ ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ፣ እርዱኝ

ባለባናዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራም መደረቢያ) እና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ባናው የሚመጣልኝ ከመንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳም ከሞላሌም። ሱቅ አለኝ፣ ግን አሁን አሁን ገዢው ግማሹ በስልክ ነው። ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ፌስቡክ ገጽ አለኝ፣ ለድሮ ደንበኞቼ ደግሞ በተራ ቴክስት ዋጋ እልካለሁ።

ውርጩ ሳይገባ የቆየውን ዕቃ ላንሳ ብዬ አንዱን ባና ከ4500 ወደ 3800 ብር አወረድኩት። የአዲስ አበባ ሱቆች እንደሚያደርጉት የድሮው ዋጋ መሐሉ ላይ ተሰርዞ፣ አዲሱ አጠገቡ እንዲታይ ፈለግሁ። «የመንዝ ባና» የሚለው ደግሞ ከስሩ ይሰመርበት። ፌስቡክ ላይ ብፈልግ ብፈልግ ምንም ቁልፍ የለም። የእህቴ ልጅ አንድ ድረ ገጽ አሳየኝ፤ ጽሑፍሽን እዚህ ለጥፊ፣ ተሰርዞ ይወጣልሻል፣ ኮፒ አድርገሽ ውሰጂ የሚል። ወሰድኩ፣ ለጠፍኩ። እኔ ስልክ ላይ እንዲህ ሆኖ ቆንጆ ነው፦ 4̶5̶0̶0̶ ብር።

በነጋታው አንዷ ደንበኛዬ ደወለች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሳጥን፣ ስልክሽን ቫይረስ በላው እንዴ?» ሌላው ደግሞ መስመሩን ጭራሽ አላየውም፣ ዋጋው 4500 መስሎት «ተወደደ» ብሎ ተወው። አማርኛው ላይማ ባሰ፤ ከፊሉ ተሰርዟል፣ ከፊሉ አልተሰረዘም፣ የተረገጠ አጥር ነው የሚመስለው።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? በአማርኛ የሚሠራ መላ አለ? ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው።

የጣርማበር ጭጋግ

እህት ዓለም፣ ቴሌግራም ላይ ለምን ድረ ገጽ ለድረ ገጽ ትዞሪያለሽ? እዚያው አለ እኮ። 4500ን ጻፊ፣ ጣትሽን አቆይተሽ ምረጪው፣ ብቅ የሚለው ዝርዝር ላይ ማድመቅ፣ ማዘንበል፣ ከስር ማስመር፣ መሐል መሰረዝ ሁሉም አለ። ካልመጣልሽ ሦስቱን ነጥብ ንኪ። ወይም በእጅሽ ~~4500~~ ብለሽ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ሞገድ አድርጊ፣ ስትልኪው ተሰርዞ ይሄዳል። ፎቶ ስር የምትጽፊው ላይም ይሠራል።

ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሞገዱ አንድ ነው፣ ~4500~። ሞገዷ ኪቦርዱ ላይ ተደብቃ ነው ያለችው፣ ምልክቶች ከሚለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ታገኚያታለሽ። ከሞገዱ በኋላ ክፍት ቦታ ተዪ፣ «ብር» የሚለውን ከለጠፍሽበት አንዳንዴ እምቢ ይላል። ዋትስአፕ ከስር ማስመር የለውም፣ አትድከሚ።

ዩቲዩብ ኮሜንት ላይ ደግሞ ጭረት ነው የሚፈልገው፣ -4500-። ዲስኮርድ ላይ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ከስር ያሰምራል፣ ያንኑ ቴሌግራም ላይ ብታደርጊው ግን ያዘነብለዋል እንጂ አያሰምረውም። ሁሉም በየፊናው ነው፣ ተስማምተው አያውቁም።

ፌስቡክ ተራ ፖስት ላይ የለም። ቲክቶክም የለም። በቃ።

ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ጭጋግ በደንብ ነግሮሻል፣ «ለምን» የምትለዋን ግን ዘለላት። እኔ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ይሄንን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ብዙ ነው፣ እስቲ ልዘርዝረው።

ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ ቴሌግራም የሚያደርገው ነው። እዚያ ጽሑፍሽ 4500 ሆኖ ይቀመጣል፣ አልተነካም፤ ቴሌግራም ለራሱ ብቻ «ከዚህ እስከዚህ ድረስ መስመር አሳልፍበት» ብሎ ይይዛል። ለዚህ ነው ከቴሌግራም ኮፒ አድርገሽ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፊው መስመሩ ጠፍቶ ባዶ 4500 የሚመጣው። መስመሩ ቴሌግራም ቤት ቀረ፣ ጽሑፉ ብቻ መጣ።

ሁለተኛው ያ ድረ ገጽ የሠራልሽ ነው። እሱ ጌጥ አልጨመረም፣ ፊደል ነው የጨመረው። ዩኒኮድ የሚባለው፣ የዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የተሰጠበት መዝገብ፣ ተደራቢ ምልክቶች የሚባሉ አሉት። ብቻቸውን አይቆሙም፣ ከፊታቸው ያለው ፊደል ላይ ይወጣሉ። ቁጥር 0336 መሐል ላይ የሚያልፍ ረጅም ሰረዝ ነው። 0332 የስር መስመር ነው። 0333 ድርብ የስር መስመር ነው። ድረ ገጹ ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ አንድ አንድ እየሰካ መለሰልሽ። 4500 አራት ነበረ፣ አሁን ስምንት ሆኗል።

ስለዚህ ፌስቡክ ይሁን ቲክቶክ ይሁን የትም ይሄዳል፣ ምክንያቱም ተራ ጽሑፍ ነው። ችግሩም ከዚያው ነው የሚመጣው። መስመሩን የሚስለው የተቀባዩ ስልክ ነው። እዚያ ስልክ ላይ ያለው የፊደል ቅርጽ ያንን ምልክት የማያውቀው ከሆነ ሳጥን ያወጣል፣ ወይም ነጠብጣብ ክብ፣ ወይም ዝም ብሎ ይውጠዋል። የመጀመሪያዋ ደንበኛሽ ሳጥን አየች፣ ሁለተኛው ምንም አላየም። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አባረርሽ ማለት ነው።

ቴክስት ላይ ደግሞ በጭራሽ እንዳትሞክሪው። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ አንድ ቴክስት 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፣ በ67 በ67። አሁን ሁሉንም ፊደል ሰርዘሽ ስትልኪ እያንዳንዷ ፊደል ሁለት ሆና ትቆጠራለች፣ 35 ፊደል ላይ አንዱ ቴክስት ሞላ ማለት ነው። ሂሳቡን የምትከፍይው አንቺ ነሽ።

አንድ ነጋዴ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የተሰረዙትን ዋጋዎች ከፌስቡክ አምጥቶ ኤክሴል ላይ ለጠፋቸውና ድምር አዘዘው። ዜሮ። ለካ ኤክሴል ቁጥር መሆናቸውን አላወቀም፣ እንደ ጽሑፍ ነው ያያቸው። ግማሽ ቀን ማሽኑን ሲሰድብ ዋለ።

የራሳችሁ ድረ ገጽ ያላችሁ ካላችሁ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ለዚሁ የተሠራ ምልክት አለው። «ኤስ» የሚባለው ምልክት ከእንግዲህ ልክ ላልሆነ ነገር ነው፣ ልክ እንደ ድሮ ዋጋ። «ዴል» ደግሞ ከሰነድ ለተሰረዘ። ድሮ «ስትራይክ» የሚባልም ነበረ፣ እሱ ኤችቲኤምኤል 5 ላይ ተሽሯል፣ አሁንም የሚጽፈው ሰው አይጠፋም። ከስር ማስመርን ግን ድረ ገጽ ላይ ባትወዱት ይሻላል፤ ሰው ሊንክ መስሎት ይነካካዋል።

እኔ ብሆን ያንን ድረ ገጽ ሁለተኛ አልከፍተውም።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ

ጠጋኙ ላይ ትንሽ ልቃወም። ለአኃዝ ክፉ አይደለም፣ ብዙ አዳዲስ ስልክ በደንብ ያሳየዋል። መጥፎው ለፊደላችን ነው፣ ለዚያም የፊደሉን ጠባይ ማየት ነው። እናንተ ስለ ስልክ አወራችሁ፣ እኔ ስለ «ቡ» ላውራ።

ካዕብ ምልክቱ የት ነው? ከፊደሉ ቀኝ፣ ወገቡ ላይ፣ አጭር አግድም ጭረት። ሰረዙስ የት ነው የሚያልፈው? ወገቡ ላይ፣ አግድም። አንዱ አንዱን ዋጠው። ቡ̶ና̶ ብለህ ሰርዘህ የሚያነበው «ቡና» ይሁን «በና» በምን ያውቃል? «ሱፍ»ም እንደዚያው ነው። የላቲን ፊደል እንዲህ ዓይነት ችግር ብዙ የለበትም፣ አናባቢው ለብቻው ስለሚቆም። የኛ አናባቢ ግን ፊደሉ ገላ ላይ ነው ያለው፣ ወገብ ላይ፣ እግር ላይ። ወገቡን ከሰረዝከው ድምፁን ነው የነካኸው።

ከስር ማስመሩም ነፃ አይደለም። ሳልስ እግሩ ላይ ነው ምልክቱ፤ «ቢ»ን «ሲ»ን ተመልከቱ። ኃምስም ቀለበቱ እዚያው ታች ነው። መስመሩ ትንሽ ከተጠጋ ይነካካሉ። ፊደሉ ተለቅ ካለ ግን ይነበባል።

ከላይ ማስመር የሚባልም ያው ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ፣ እሱን ተዉት። «ሰ» ላይ መስመር ስታወጣበት ምን ሆነ? «ሸ»ን መሰለ። «ነ» «ኘ»ን፣ «ተ» «ቸ»ን፣ «ደ» «ጀ»ን። ፊደላችን የላይ መስመሩን ለራሱ ሥራ ይዞታል፣ ለጌጥ ትርፍ ቦታ የለውም።

ባለባናዋ «የተረገጠ አጥር» ያለችውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያ ተደራቢ ሰረዝ የተለካው ለላቲን ፊደል ስፋት ነው። የኛ «ጠ» እና «ሠ» ሰፊ ናቸው፣ «ነ» ጠባብ ናት። አንዱ ላይ ሰረዙ ያጥራል፣ አንዱ ላይ ያልፋል፣ መሐሉ ክፍተት ይሆናል።

የግዕዝ ቁጥር ላይ ከስር ማስመርማ ቀልድ ነው። ፩ ፪ ፫ ድሮም ከላይና ከታች መስመር አላቸው፣ ሁለተኛ ስታሰምርበት ለቁጥሩ ነጠላ አለበስከው።

ለነገሩ ዩኒኮድ ለግዕዝ ራሱ የሰጠው ተደራቢ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። የጥብቀት ምልክት ይባላል፣ ከፊደሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ። «ገና አልደረሰም» ስንል ያለው «ገና» እና በዓሉ ገና፟፣ ሁለተኛው ላይ «ና» ትጠብቃለች። እንዲህ ዓይነቱ ለፊደላችን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ቦታውን ያውቃል፤ ያም ቢሆን ስልክሽ ላይ ያለው የፊደል ቅርጽ ካወቀው ነው።

ብራና ላይ እኮ ማስመር ብዙ አናውቅም። ከፍ የሚደረግ ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። የተሳሳተ ይፋቃል፣ በምላጭ። አሁን የምላጩን ሥራ በሰረዝ ልንሠራው ነው የምንለፋው።

የጣርማበር ጭጋግ

ወንድሜ ትምህርት ቤት ከፈትክ እኮ 😄 ግን «ቡና» ላይ ያልከው እውነት ነው፣ አሁን ሞክሬው አየሁ።

ሳልረሳው፣ ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ወሰኑ 280 ቢሆንም የኛን ፊደል አንዱን ሁለት ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ በአማርኛ 140 ነው የሚደርሳችሁ። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሰረዝ ስትጨምሩበት ሦስት ሦስት ይሆናል። ወደ 93 ፊደል ወረደ። አንድ ተረት እንኳ አይበቃውም።

ለምን ትደክማላችሁ

ፎቶው ላይ ጻፊው ባክሽ። የባናውን ፎቶ አንሺ፣ በስልክሽ ማስተካከያ ላይ 4500 ጻፊ፣ በጣትሽ ቀይ መስመር ጎትቺበት፣ አለቀ። ሳጥን የለ፣ ዩኒኮድ የለ። ሰው ፎቶ ነው የሚያየው፣ ጽሑፍ ማን ያነባል።

በጆሮዬ አነባለሁ (ደብረ ብርሃን)

እኔ አነባለሁ። ማለቴ እሰማለሁ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ስልኬ ነው የሚያነብልኝ። ፎቶ ላይ የተጻፈ ዋጋ ለእኔ የለም ማለት ነው፣ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል። ወንድሜ አልተቀየምኩህም፣ ብዙ ሰው አያስበውም።

ስለ ሰረዙ ግን ማንም ያላነሳውን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ተሰርዞ የተጻፈውን ስልኬ እንደ ደህና ጽሑፍ ያነብልኛል። «የመንዝ ባና 4500 3800 ብር።» የቱ ነው ዋጋው? ሁለት ባና ነው? በሁለት ዋጋ ነው? መስመሩ ድምፅ የለውም። ያኛው ተደራቢ የምትሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቁጥሩን ይበትነዋል። አራት ሺህ አምስት መቶ ማለት ትቶ አራት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ፣ በመሐሉም የማላውቀው ነገር ያጉረመርማል። አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ማድመቂያ ጌጥም እንደዚሁ ነው፤ እነዚያ ደማቅ የሚመስሉት ፊደላት ለሒሳብ ተብለው ዩኒኮድ ውስጥ የገቡ ናቸው፣ አንባቢው አንዳንዴ እያንዳንዱን በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። ለአማርኛ እንዲህ ዓይነት ደማቅ ፊደል ስላልተሠራለት እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለባናዋ፣ እኔ የምልሽ አንድ ቃል ጨምሪ። «ነበር» በይ። «4500 የነበረው አሁን 3800።» ሰረዙንም ከፈለግሽ አድርጊበት፣ ለሚያዩት ያምራል። እኔ ግን «ነበር»ን እሰማታለሁ።

ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ይሄንን አላሰብኩትም፣ እውነት። ያ ሳጥን ያየችው ደንበኛም ብትሆን «ነበር» የሚል ቢኖር ኖሮ ይገባት ነበር። መስመሩ ቢጠፋም ቃሉ አይጠፋም።

የድሮ ታይፒስት (ደብረ ሲና)

ልጆቼ፣ እናንተ የምትሉት ሁሉ እኛ ዘንድ በታይፕ ነበረ። መሥሪያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ታይፕ መታሁ፣ አሁን ጡረታ ነኝ፣ ስልኩን የልጄ ልጅ ነው ያስተማረኝ።

ደብዳቤ ስትጽፊ «ጉዳዩ፦» ብለሽ የምትጀምሪው ከስሩ ይሰመርበታል፣ ያለዚያ አለቃ አይፈርምም። እንዴት እናሰምር ነበር? ቃሉን ትመቺያለሽ፣ ወደ ኋላ በመላሹ ትመለሻለሽ፣ የሰረዟን ቁልፍ በየፊደሉ ስር ትመቻለሽ። ጠጋኙ «ፊደል ከዚያ መስመር ይደረብበታል» ያለው እኮ ይኸው ነው፣ እኛ በጣታችን ነበር የምንደርበው። መሰረዝም እንደዚያው፣ ተመልሰሽ ላዩ ላይ ጭረት መምታት። ቶሎ ቶሎ ስትመቺ ሰረዙ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የቆሎ ተማሪው እንዳለው ይበጣጠሳል። የዛሬ ሰው ፈጠረው አትበሉ።

የሰረዝነውን ግን እንዲሁ አንተወውም። ውልና ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ ካለ አጠገቡ ይፈረምበታል። የጨረታ ማስታወቂያ ላይ እስከ ዛሬ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» ሲል ታያላችሁ። ስርዙ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ማን እንደሰረዘው፣ ለምን እንደሰረዘው መታወቅ አለበት። ባለባናዋ እኔም የመምህሩን ነው የምልሽ፣ «ነበር»ዋን ጻፊ። እሷ ፊርማሽ ናት።

ደግሞ «ባና» የሚለውን ከስር ላስምር አልሽ አይደል? አታስምሪ። ባና ማስታወቂያ አይፈልግም፣ ብርዱ ይጠራለታል።

ባለባናዋ (ደብረ ብርሃን)

እናቴ ሳቅሁልዎ። ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ፣ ለአንድ መስመር ይሄን ያህል ጉድ አለው ብሎ ማን አሰበ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ በራሱ ሰረዝኩት፣ ጭጋግ እንዳለው፣ ሞገዱን ከፊትም ከኋላም፣ ወዲያው ሠራ። ፌስቡክ ላይ ያንን የድረ ገጽ ሰረዝ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ቴክስቱም ላይ። አሁን ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው የጻፍኩት፦ «የመንዝ ባና፣ 4500 ብር የነበረው አሁን 3800 ብር።» ቴሌግራሙ ላይ ብቻ 4500 ላይ መስመር አለበት። ፎቶውን አልተውኩትም፣ ግን ዋጋውን ስሩ በጽሑፍ ደገምኩት፣ ለመምህራችን።

ያ «ተወደደ» ብሎ የተወው ደንበኛ ዛሬ ጠዋት ደወለ። «ከመጀመሪያው እንዲህ ብትይ ምን ነበረበት» አለኝ። መስመር ሳይ ውዬ በቃል መናገሩን ረስቼው ነዋ፣ ምን ልበለው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ያ ድረ ገጽ የጨመረብኝን ሰረዝ የድሮ ፖስቶቼ ላይ እንዴት አነሳዋለሁ? ሠላሳ ፖስት ይሆናል። አንድ በአንድ ልጽፍ ነው?

ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ብዙ ኪቦርድ ላይ የመመለሻውን ቁልፍ አንዴ ስትጫኚ ሰረዙ ብቻ ይጠፋል፣ ፊደሉ ይቀራል። ሁለቴ ስትጫኚ ነው ፊደሉም የሚሄደው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ ቆመሽ አንድ አንድ ጊዜ ንኪ። አራት ቁጥር አራት ንክኪ ነው። ለረጅም አማርኛ ግን አትልፊ፣ አጥፍተሽ እንደ አዲስ ጻፊው፣ ይፈጥናል።

የድሮ ታይፒስት (ደብረ ሲና)

አሁን የኔን ጥያቄ መልሺልኝ። ያ ባና ነጭ አለው ወይስ ጥቁር ብቻ ነው? ደብረ ሲናስ ትልኪያለሽ?

ባለባናዋ (ደብረ ብርሃን)

ሁለቱም አለ እናቴ። በሚኒባስ እልክልዎታለሁ፣ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ካለዎት። ለእርስዎ 3600።

የጣርማበር ጭጋግ

ኧረ 3800 ሰረዝ አድርጊበት!